ሌላ ቦታ እየተሰማ ነው

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ፣

ካለህበት ሁሉ ሰላምታዬ ይድረስህ። እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? ያ ደረቅ ሳል ተወህ? የሚበላ የሚያቀርብልህ ሰው አለ ወይስ እንደ ልማድህ ቆመህ እየጎረስክ ነው? እኛ ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፤ ተውኩት፤ እስካሁን የዋሸሁት ይበቃኛል። ደህና አይደለንም። በሕይወት ግን አለን። አንተ በሕይወት መኖርህን አላውቅም። 

ኢሜይሌን ከየት አገኘችው ብለህ ትገረም ይሆናል። የሰጠኝ ያ የሙዚቃ አፕ ነው፤ እንዴት እንደሆነ ወደፊት ትረዳዋለህ። በወረቀት ጽፌ በስልኬ ፎቶ እያነሳሁ ነው የምልክልህ፤ ስልኩ ላይ ልጻፍ ስል ጣቴ ሁለት ሁለት ፊደል እየነካ ያናድደኛል። እኔ ስናደድ ምን እንደማደርግ ደግሞ ታውቃለህ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልለምንህ። ከዚያ አፕ ሰባት መልእክት ደርሶህ ይሆናል። «ደንበኝነቱ እንዲቀጥል ይፈቅዳሉ?» ይላል፤ ከታቹ «አዎ» እና «አይ» አለ። ሰባቱንም ያስላክሁት እኔ ነኝ። ደብዳቤዬን እስከ መጨረሻው ማንበብ ቢያስጠላህ እንኳ እሱን «አዎ» ንካልኝ። ዘፈን አምሮኝ አይደለም። ከነካኸው እዚህ ስልኬ ላይ ይከፈታል፤ ከተከፈተ አለህ ማለት ነው። ዘጠኝ ቀን ሆነኝ፤ ጨርቅ እየቆረጥኩ መሃል ላይ ስልኩን አያለሁ። ትናንት የደንበኛ ሱሪ እግሩን አሳጥሬ ቆረጥኩት።

አካውንቱን የከፈትከው አንተ እንደሆንክ ታስታውሳለህ። የአንድ ሰው ነው፤ ሁለታችን ተጋፍተን ገባንበት። «እህትና ወንድም አንድ ሰው ነው» ብለህ አሳቅከኝ። አፑ ግን አልሳቀም፤ አንዱ ሲያጫውት የሌላውን ቀጥ ያደርገዋል፤ «ሌላ ቦታ እየተሰማ ነው» የሚል ጽሑፍም ያወጣል። አንተ አባባ ወርክሾፕ ሰጋቱራ ውስጥ፣ እኔ እዚህ ስፌት ቤቴ፣ ቀኑን ሙሉ ስንነጣጠቅ እንውላለን። አንድ ጊዜ ቀሚስ ልትለካ የመጣች ደንበኛዬ፣ ሜትሩን ወገቧ ላይ ጥዬ ስልኬን ስወቅጥ አይታ፣ ከባልሽ ጋር ነው የምትጣዪው ብላ ጠየቀችኝ። ከባል የባሰ፣ ከወንድሜ ጋር ነው አልኳት። የዚያን ቀን ስምንት ጊዜ ነጥቀኸኝ ነበር፤ ማታ ስትገባ እንዳልሰማ ሰው ውሃ ጠየቅከኝ።

አሁን ስለዚያ ማክሰኞ ልጻፍ። ስሸሸው ነው የከረምኩት።

የአባባን ሕግ ለአንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ግን ይጻፍ፤ ሁሉንም ነገር በቅደም ተከተል ካላስቀመጥኩት ልቤ አያርፍም። መጋዙ ውስጥ እጁን የሚያስገባ ሰው «እጅ አለ» ይላል። «ወጣ» እስኪል ድረስ ማብሪያውን ማንም አይነካም። ሃያ ዓመት በዚህ ሕግ የማንም ጥፍር አልተነካም። ያን ማክሰኞ ጠዋት ግን ማሽኑ ቆሞ ነበር፤ ጥርሱ መሃል የእንጨት ስንጣሪ ተቀርቅሮ አባባ ሊያወጣ እጁን ሰደደ፤ አንተ ማብሪያውን ተጫንክ። ሌባ ጣቱና የመሃል ጣቱ ሄዱ። ጆሮህ ውስጥ ኤርፎን ነበር። አባባ ሆስፒታል አልጋው ላይ ሆኖ፣ «እጅ አለ ብዬው ነበር፤ አልሰማኝም» ብሎ በሹክሹክታ ነገረኝ። ለሐኪሟም እንደዚያው አላት። በቃ፣ ለእኔ ነገሩ አለቀ፤ ልጁ ዘፈን እየሰማ የአባቱን ጣት አስቆረጠ።

ኮሪደሩ ላይ የነገርኩህን አልረሳኸውም። ወደሱ እመለሳለሁ። አሁን ብጽፈው ወረቀቱን ቀድጄ የምጥለው ይመስለኛል።

ከሄድክ በኋላ ሦስት ሳምንት ያህል ዘፈኔን ማንም አልነጠቀኝም። ቤቱም ስፌት ቤቱም ጭር አለ። ቁጥርህን አንዴ ደውዬ ዝግ ነው አለኝ፤ ደግሜ አልደወልኩም፤ ኩራት ነዋ። ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ አሥር ሰዓት ላይ፣ የነርሶች ጋውን እየዘመዘምኩ ሳለሁ ዘፈኑ ቀጥ አለ። «ሌላ ቦታ እየተሰማ ነው»። ምን እንደተሰማኝ ልንገርህ? መጀመሪያ እንባዬ መጣ። አለ፣ ስልክ ገዝቷል፣ ጆሮውም ሆዱም ደህና ነው ማለት ነው አልኩ። በማግስቱም አሥር ሰዓት ላይ። በሠልስቱም። ሰዓት ጠብቆ ይመጣል፤ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ይለቅልኛል። አሥር ሰዓት ሲቃረብ ዘፈን ከፍቼ እጠብቅህ ነበር፤ እንድትነጥቀኝ ብዬ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ለአባባም። ስምህን በፊቱ ማንሳት ትቼ ነበር፤ እሱም አያነሳም።

ነገር ግን እኔ እኔ ነኝ። ወር ሁለት ወር እያለ ስምንት ወር ሲሆን ደስታው ወደ ንዴት ዞረ። ዘፈን የሚሰማበት ጊዜ ያለው ሰው አንድ መልእክት የሚልክበት ጣት የለውም? አልኩ። ጣት ብዬ ራሴን ያዝኩት፤ ከቃሉም ጋር ተጣላሁ። አባባ በዚህ መሃል መላጊያ መያዝ አቅቶት በግራ እጁ እየተለማመደ ነው። የሸሚዙን ቁልፎች ደብቄ በሚጣበቅ ጨርቅ ለወጥኩለት። ገብቶታል። አንድ ቀን ጠዋት ግን የቆየ ሸሚዙን ሊለብስ ከሳጥን አውጥቶ፣ የመጀመሪያዋን ቁልፍ ሲታገል ከበሩ ስንጥቅ አየሁት። ሲታገል፣ ሲታገል፣ ትቶት አልጋው ላይ ተቀመጠ። እኔም አልገባሁም፤ ገብቼ ብቆልፍለት ይሞታል።

በዚያው ቀን አሥር ሰዓት ላይ ዘፈኔ ቀጥ አለ። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይላሉ፤ ለእኔ ስልክ ያዋሰኝ ማን ይሆን። «ደንበኝነት አቋርጥ» የሚለውን ፈልጌ አገኘሁት። ለምን እንደምንለያይ ቢነግሩን ደስ ይለናል ብሎ ምክንያት ደረደረልኝ፤ ዋጋው ተወዶ ነው፣ የሚፈልጉት ዘፈን ጠፍቶ ነው፣ ሌላ አግኝተው ነው። ወንድሜ አንጀቴን አሳርሮት የሚል የለም። ብዙ አልጠቀምበትም የሚለውን ነካሁ። እርግጠኛ ነዎት? አለኝ። አዎ። በእርግጥ ሊለዩን ነው? አዎ። ወሩ ሲያልቅ ይዘጋል፤ አሁንም መመለስ ይችላሉ፤ ይቀጥሉ? አዎ አልኩህ እኮ። ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ ወንድሜ። ያን ማክሰኞ ኮሪደሩ ላይ አንድ ሰው እንዲህ ሦስቴ ቢጠይቀኝ ኖሮ ዛሬ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር።

መጨረሻ ላይ፣ ደንበኝነቱ መቋረጡን ለአካውንቱ ባለቤት አሳውቀናል ብሎ ኢሜይልህን አሳየኝ። ያኔ እሰይ ነው ያልኩት፤ እስቲ አሁን ስማ። አድራሻህን እጄ ላይ በጠመኔ ጽፌ ለመሳደቢያ ልይዘው ነበር።

ወሩ አልቆ ተዘጋ። እኔ ወደ ሬዲዮ ዞርኩ። አባባ ግን ያመመው ሰው መሰለ። ምግቡን ቀላቅሎ ይተወዋል፤ ከወርክሾፑ በጊዜ ይመጣል፤ ያናገርኩትን ሁለቴ ያስደግመኛል። ጣቱን ነው፣ ብርድ ገብቶት ነው ብዬ ሐኪሟ ጋ ልወስደው አሰብኩ። በሦስተኛው ሳምንት ስፌት ቤቴ መጣ። ታውቃለህ፣ አባባ ስፌት ቤቴ አይመጣም፤ የሴቶች ቀሚስ ተሰቅሎ ሲያይ ዓይኑን የሚያሳርፍበት ያጣል። ደንበኛዬ እስክትወጣ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጠበቀ። ከዚያ በሩን ዘጋና ከኮቱ ውስጥ በመወልወያ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። «ይቺ ነገር አልሠራ አለችኝ፤ አንቺ ታውቂበታለሽ» አለኝ።

ያንተ ስልክ ነው። ጥጉ ላይ የተሰነጠቀው። ኤርፎኑም እላዩ ላይ ተጠምጥሟል።

ያን ቀን ጠረጴዛው ላይ ጥለኸው ሄደህ፣ እሱ መሳቢያው ውስጥ ከመሮዎቹ ጋር ሲያስቀምጠው ከርሟል። መክፈቻውን ያውቀዋል፤ በቀን ሠላሳ ጊዜ ከጎኑ ሆነህ ስትከፍተው እንዴት አያውቀውም። በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ ሥራውን አቁሞ፣ በሩን ቀርቅሮ፣ ኤርፎኑን ጆሮው ውስጥ ከትቶ ያንተን ዘፈኖች ከላይ ጀምሮ፣ በቀን አንዱን እየደጋገመ ይሰማል። ሲጨርስ ያጠፋዋል። አሥር ሰዓት ላይ የሚነጥቀኝ አባባ ነበር።

ይህ ሲገባኝ ፊቴ ላይ ያየው ነገር አስደንግጦት ውሃ ልስጥሽ አለኝ። እሱ የመሰለው ስልኩን ስለደበቀኝ ተቆጥቼ ነው። ወንድሜ፣ እኔ የታየኝ ሌላ ነው። አንተ አልነበርክም። አለ፣ ደህና ነው፣ ዘፈን ይሰማል እያልኩ አንዴ ደስ ሲለኝ አንዴ ስሳደብ የከረምኩት ለማንም አልነበረም። ከሄድክ አሥራ አንድ ወር ሙሉ ስለመኖርህ የያዝኩት ማስረጃ አንድም የለም። ጨርቄን ጥዬ ወጣሁ። ቀለም ቀቢው ጓደኛህ ቤት እስክደርስ በየት በኩል እንደሄድኩ አላውቅም። እሱም እንደ እብድ ሲያየኝ ቆይቶ፣ እኔ ጋ ሁለት ቀን አድሮ ሥራ ወዳለበት ልሂድ ብሎ በአንድ ቦርሳ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁንም አልሰማሁ አለኝ። እናንተ ታውቃላችሁ ብዬ ነበር ሲለኝ ፊቱ ላይ ያየሁትን ልነግርህ አልችልም። እኛም እሱም እርስ በርሳችን እየተማመንን አንተን የሚያውቅ ሰው ጠፋ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ያኔ ትዝ ያለኝ አፑ ነው፤ ኢሜይልህ ያለው እዚያ ብቻ ነው። ገብቼ «ደንበኝነት ቀጥል» የሚለውን ነካሁ። ተዘግቶ ስለቆየ ባለቤቱ መፍቀድ አለበት፤ መልእክት ልከንለታል፤ እስኪፈቅድ ይጠብቁ አለኝ። ለማቋረጥ የማንም ፈቃድ አላስፈለገኝም፤ ለመመለስ ያንተ አስፈለገኝ። ሲገባኝ ሳቄ መጣ፤ ከዚያ ሌላ ነገር መጣ።

አዲስ አካውንት ክፈቺ፣ ምን ቸገረሽ ትለኝ ይሆናል። አዲሱ ውስጥ አንተ የለህም። በስልክህ ልክፈተው ብዬም ሞክሬ ነበር፤ ኢሜይልህ ሌላ የይለፍ ቃል ጠይቆኝ ሦስቴ ስሳሳት ዘጋብኝ። ደግሞ እኔው ከፍቼ እኔው «አዎ» ብነካው ምን ይረባኛል? እኔ የፈለግኩት ያንተን እጅ ነው።

አባባ ግን ስልኩን አሠሪልኝ ማለቱን አልተወም፤ በማግስቱ ተመልሶ ስፌት ቤቴ መጣ። ዘፈኖችህን የሚሰማው ናፍቆት ነው ብዬ ነበር፤ ናፍቆትም አለበት። ስጠይቀው ግን፣ «በዚያች ሰዓት የትኛውን እየሰማ እንደነበር ማወቅ ፈልጌ ነው» አለኝ። ወደ ሦስት መቶ ከሚሆኑት ሁለት መቶ አሥሩን ጨርሷል። እያንዳንዱን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጎ፣ ይህ ነው ወይስ አይደለም፣ ይህ የሰው ድምፅ ይሸፍናል ወይስ አይሸፍንም እያለ። ጮክ ያለ ሲያገኝ ይሄኛው ሳይሆን አይቀርም ብሎ ቀለል ይለዋል፤ በማግስቱ ደግሞ ይጠራጠራል።  አባባ፣ እንዲህ መልፋት አያስፈልግህም፤ አፑ የተሰማውን ሁሉ በቀንና በሰዓት ይመዘግባል፣ ቢዘጋም ዝርዝሩ ይታያል አልኩት። ይህን አያውቅም ነበር። ወንበሩን ሳብ አድርጎ አጠገቤ ተቀመጠ። መነጽሩን ረስቶ መጥቶ ስለነበር አንብቢልኝ አለኝ።

አሥራ አንድ ወር ወደ ኋላ በጣቴ ገፋሁ። ማክሰኞውን አገኘሁት። ሦስት ሰዓት ላይ አንድ ዘፈን፣ ከሱ ቀጥሎ ሌላ፣ ሌላ፣ ሌላ፤ አራት ሰዓት፣ አራት ተኩል፤ ለአምስት ሩብ ጉዳይ ላይ አንዱ ከመሃሉ ተቋርጧል። ከዚያ ምንም የለም። ስሞቹን እያነበብኩለት ሳለሁ ድምፄ እየቀነሰ ሄደ። እነዚያ ያንተ ዘፈኖች አይደሉም፤ የእኔ ናቸው። አንተ በሕይወትህ ልትሰማቸው የማትፈልጋቸው፣ የአሮጊት ሙዚቃ እያልክ የምታበሽቀኝ። ያን ጠዋት የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ለማስረከብ ተጣድፌ፣ ዛሬስ ምን ነካው፣ አልነጠቀኝም ብዬ ሳንጎራጉር ነበር። ከመሃል የተቋረጠው ጎረቤታችሁ ብረት በያጁ ደውሎ ድረሺ ሲለኝ ነው።

ገባህ? እኔ እየሰማሁ ከነበረ አንተ አትሰማም ነበር። ኤርፎኑ ጆሮህ ላይ ነበር፤ ውስጡ ግን ዝም ነው። እኔ እዚህ ሳንጎራጉር አንተ ሥራ ይዘህ መልሰህ አልነጠቅከኝም። በቃ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ፣ ሐኪሟም፣ እኔም፣ ዘፈን ነው ያልነው ነገር አልነበረም። ኮሪደሩ ላይ አፍህን ልትከፍት ስትል አይቼሃለሁ። ምናልባት ይህንኑ ልትነግረኝ ነበር። አላስተነፈስኩህም።

አባባ ግን፣ ደግመሽ እዪው፣ ቀኑን ተሳስተሽ እንዳይሆን አለኝ። ደግሜ አየሁ። ስልኩን በጨርቁ መጠቅለል ጀመረና መጨረስ አቃተው፤ እኔ ጠቀለልኩለት። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ታዲያ ማሽኑም ቆሞ፣ ጆሮውም ክፍት ሆኖ፣ ስትጠራው እንዴት አልሰማህም አልኩት። እኔ እንጃ አለኝ። እኔም እንጃ። ይህን አንተን ለመወንጀል አይደለም የምጽፈው፤ በእናታችን አጥንት ይዤሃለሁ፣ እንዲያ ብለህ እንዳታስብ። አልገባኝም ብቻ ነው።

እንግዲህ የሸሸሁት ቦታ ደረስኩ። ያን ማክሰኞ አባባ ከተኛበት ክፍል ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ቆመህ አገኘሁህ፤ ሽርጥህ ደም በደም ነው፤ ልግባ አልከኝ። እኔም፣ «አባባ ዓይኑን እንዳላይ ብሏል፤ ከዚህ በኋላ ልጅ የለኝም ብሏል» አልኩህ። ወንድሜ፣ አባባ እንዲህ አላለም። ያን ቀንም፣ ከዚያም በኋላ፣ አንድም ቀን አላለም። ከማደንዘዣው ሲነቃ መጀመሪያ የጠየቀኝ፣ «ልጁስ? እሱን አልነካውም አይደል?» ብሎ ነው። በአራተኛው ቀን የት ሄዶ ነው አለኝ። ራሱ ነው የሄደው፣ ሊያይህ አልፈለገም አልኩት። ለእሱ አንድ ውሸት፣ ለአንተ አንድ ውሸት፤ ሁለታችሁንም በመሃል ቆሜ ዘጋኋችሁ።

ለምን እንዳልኩት ብዙ አስቤበታለሁ። ተናድጄ ነበር፤ ደንግጬም ነበር። ግን ያ ብቻ አይደለም። የጣቱ ደም ሳይደርቅ መጀመሪያ የጠየቀው ስለ አንተ መሆኑ አንገበገበኝ። እናታችን ከሞተች ጀምሮ ቤቱን የያዝኩት እኔ፣ አንተን ያጠብኩ ያጎረስኩ እኔ፣ እሱ ግን ከእንቅልፉ ሲነቃ ልጁስ ነው የሚለው። ቅናት ነው። ይኸው ጻፍኩት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ የእኔ ደግሞ ወለምታ አልነበረም፤ አውቄ ያልኩት ነው።

ትናንት ለአባባ ነገርኩት። ማታ እራት አቅርቤ፣ ሳልቀመጥ፣ እንደቆምኩ ተናገርኩ። ይመታኛል ብዬ ነበር፤ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። የቀረውን ሦስት ጣት ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ብዙ ጊዜ አየው። ከዚያ፣ «እኔን ተዪኝ፤ ለእሱ ጻፊለት» አለኝና ወጣ። መብራት ይዞ ወደ ወርክሾፑ ሲሻገር አየሁት። የተቆጣ አይመስልም ነበር፤ የፈራ ሰው ነው የሚመስለው። ምን እንደሚያስፈራው አላወቅኩም።

በል እንግዲህ። ይቅር በለኝ አልልህም፤ እሱን ዓይንህን እያየሁ ካልሆነ አልለምንም፤ ያለዚያ በወረቀት የሚያልቅ ቀላል ነገር ይመስላል። ና አልልህም፤ የምትመጣበትን ቀን የምትወስነው አንተ ነህ። የምልህ «አዎ» የምትለውን ንካ ብቻ ነው። ስትነካው እዚህ ይከፈታል፤ እኔ ከዚያ በኋላ ስልኬን አልነካም፤ አባባም የቀሩትን ዘጠና ዘፈኖች ትቷቸዋል። አካውንቱ ያንተ ብቻ ይሁን። ከፈለግክ ቀኑን ሙሉ ስማ፤ ማንም አይነጥቅህም። እኔ ስልኩን ከፊቴ አስቀምጬ «ሌላ ቦታ እየተሰማ ነው» የሚለውን ጽሑፍ እያየሁ ልብሴን እሰፋለሁ። ይበቃኛል።

ብርድ ይራቅህ። ክፉ ሰው፣ ክፉ አሠሪ አይግጠምህ። የያዝከው ይባረክልህ፣ ጣቶችህን አሥሩንም ይጠብቅልህ። ከአንተ ጋር የሚኖር ሰው ካለ ለእሱም ሰላም በልልኝ፤ ይህን ሁሉ ወር ያስጠጋህ ሰው ባለውለታዬ ነው።

ቀን ከሌት የምታስብህ፣
ምላሰ ረዥሟ እህትህ

እንደገና፦ ደብዳቤውን ፎቶ ላነሳው ስል አባባ ከወርክሾፑ ገባ። ለማን እንደሆነ ገብቶት መነጽሩን አድርጎ ከላይ እስከ ታች አነበበው፤ አንዴ ሲጨርስ እንደገና ጀመረው። ከዚያ አንድ ነገር ጨምሪልኝ፣ እንዳልኩሽ ጻፊው፣ ቃሉን እንዳታሳምሪው አለኝ። ይኸው ያለው፦

«ያን ሰሞን ጉንፋን ይዞኝ ድምፄ ተዘግቶ ነበር። ‘እጅ አለ’ ማለት ስላቃተኝ ጠረጴዛውን በመዶሻ ሁለቴ እየመታሁ ነበር የማስታውቅህ። ያን ማክሰኞ መዶሻው ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ነበር፤ አላነሳሁትም።»

ከታች ያለው የራሱ የእጅ ጽሑፍ ነው፤ ብዕሩን በሦስት ጣቱ ለመያዝ ብዙ ታግሎ ነው የጻፈው፤ ልርዳህ ብለው አልፈቀደም።

አባትህ